ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፦ ከስድስት ኪሎ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት እስከ ኮሌጅቪል የብራና መዝገብ

የግእዝ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው በኒውዮርክ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸው ይታወሳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህርና የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ በ1967 ዓ.ም. የመማክርት ጉባኤ አባል፣ በኋላም በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሴይንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን ጥናት ፕሮፌሰርና የኢትዮጵያ የጥናት ክፍል ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። ከሁሉም በላይ ስማቸው የሚነሣው ግን የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት አንድ በአንድ መርምረው በቁጥር በለዩበት የመዝገብ ሥራቸው ነው።

ይህ ሥራ በመጻሕፍት ቤትና በመዝገብ ቤት ለሚያገለግል የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይሆንበትም። ሰነድ ቁጥር፣ ርእስና መግለጫ ካልተሰጠው በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም እንደሌለ የሚቆጠር መሆኑን ባለሙያዎች ያውቃሉና። ልዩነቱ ፕሮፌሰር ጌታቸው መዝገቡን ያዘጋጁት መጻሕፍቱ ከሚገኙበት አገር ርቀው፣ ብራናውን በእጃቸው ሳይዳስሱ፣ በማይክሮፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው መሆኑ ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ሚያዝያ 11 ቀን 1923 ዓ.ም. በሸዋ ሸንኮራ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀመሱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ወደ ግብፅ ተልከው እ.ኤ.አ. በ1957 ከካይሮ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ኮሌጅና በካይሮ ከሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪዎቻቸውን አግኝተዋል። ትምህርታቸውን በምዕራብ ጀርመን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በመቀጠልም እ.ኤ.አ. በ1962 በሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለዋል። የመመረቂያ ጥናታቸው በግእዝ ግሥ ሥርዓት ላይ ያተኮረ ነበር።

ከአብነት ትምህርት ወደ ካይሮ፣ ከካይሮም ወደ ጀርመን የሚያደርሰው ይህ መንገድ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። በመዝገበ ቃላት ሥራቸው የሚታወቁት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉም በካይሮና በቱቢንገን የተማሩ የዚያው ትውልድ ምሁር ናቸው። የዘመኑ መንግሥትና ቤተ ክህነት ወጣቶችን ወደ እስክንድርያ መንበር አገር መላካቸው ለመንፈሳዊ አገልግሎት ታስቦ ቢሆንም፣ ውጤቱ ከታሰበው አልፏል ማለት ይቻላል። ግእዝን በቃል አጥንተው የሄዱት ወጣቶች ዐረብኛን በግብፅ፣ የንጽጽር ሥነ ልሳንን በጀርመን አክለውበት ተመልሰዋል። ከግእዝ የሃይማኖት መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዐረብኛ የተተረጎሙ በመሆናቸው፣ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ተመራማሪ የትርጉሙን ምንጭ ለይቶ ለማወቅ ከሌላው የተሻለ ዕድል ነበረው።

ዶክተር ጌታቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተቀላቅሎ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሥራ መጀመሩ ይታወቃል። አዲሱ ምሁር በዚሁ ተቋም ማስተማር ጀመሩ፤ በመካከል ከነበረ የሁለት ዓመት ያህል ዕረፍት በስተቀር እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በመምህርነት ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍልን በኃላፊነት የመሩትም በእነዚህ ዓመታት ነው።

የዚያ ዘመን የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት የቋንቋውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤው፣ በፍርድ ቤት ውሳኔው፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ማስተማሪያው አማርኛ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ አማርኛንና ግእዝን የሚያስተምረው ክፍል አንድ ተራ የትምህርት ክፍል ከመሆን ያለፈ ኃላፊነት ነበረበት። ሰዋስውን በዘመናዊ የምርምር ዘዴ የሚያብራራ፣ የሥነ ጽሑፍ ታሪክን ለክፍል የሚያዘጋጅ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያፈራ ሌላ አካል በአገሪቱ አልነበረም።

ክፍሉን የሚመራ ሰው ሁለት ዓይነት ዕውቀትን ማስታረቅ ግድ ይለዋል። በአንድ በኩል በቅኔና በዜማ ቤት ለዓመታት የቆየ፣ መጽሐፉን ከነትርጓሜው በቃሉ የያዘ፣ ዲግሪ ግን የሌለው ሊቅ አለ፤ በሌላ በኩል በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሠልጥኖ ጽሑፍን ከጽሑፍ እያነጻጸረ የሚመረምር ዲግሪ ያለው ተመራማሪ አለ። የቅጥር ደንቡ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ዶክተር ጌታቸው ሁለቱንም ዓለም በአካል የሚያውቁ መሆናቸው ለቦታው ተስማሚ አድርጓቸው ነበር ብሎ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያምናል። ከማስተማሩና ከአስተዳደሩ ጎን ለጎንም እ.ኤ.አ. በ1967 የአማርኛ አጻጻፍ ስላሉበት ችግሮች ለዩኒቨርሲቲው የጥናት ጉባኤ ጽሑፍ አቅርበዋል። የሞክሼ ፊደላትና የመጥበቅና የመላላት ነገር ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሚያከራክር በመሆኑ፣ ጉዳዩ የቆየ መሆኑን ማስታወሱ አይከፋም።

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት የዩኒቨርሲቲውን ሕይወት ከመሠረቱ ለውጦታል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ በታኅሣሥ ወርም ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። ደርግ በዚያው ወቅት ከየክፍለ ሀገሩና ከየመሥሪያ ቤቱ የተውጣጡ አባላት ያሉበት የመማክርት ጉባኤ አቋቁሞ ስለነበር፣ ዶክተር ጌታቸው የሸዋ ተወካይ ሆነው ገቡ። አካሉ የማማከር እንጂ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። እሳቸው ግን የወታደራዊውን መንግሥት አካሄድ በግልጽ ከመንቀፍ አልተቆጠቡም።

በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ መኖሪያ ቤታቸው ሄዱ። እጅ አልሰጥም በማለታቸው በተከፈተው ተኩስ የተተኮሰ ጥይት አከርካሪያቸውን መታቸው። ከሞት ቢተርፉም ከወገብ በታች መንቀሳቀስ ተሳናቸው፤ ከዚያ በኋላ የኖሩበትን ከ45 ዓመት በላይ የሚሆን ጊዜ ያሳለፉት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰዱ በኋላም ወደ ሥራ ገበታቸው አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ገቡ። ዩኒቨርሲቲው ያጣው አንድ መምህር ብቻ አልነበረም፤ ግእዝን በምርምር ደረጃ ለማስተማር የተጀመረው ጥረትም አንዱን ዋና ተሸካሚውን አጥቷል።

ታሪኩ በዚህ ያላበቃው ከአብዮቱ በፊት በአዲስ አበባ በተደረገ አንድ ስምምነት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለመቅረጽ ተስማምተው ነበር። ፕሮጀክቱ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በሚል የሚታወቅ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በኩል ከመሩት መካከል የታሪክ ምሁሩ ዶክተር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ይገኙበታል። የአሠራሩ ዋና ነጥብ መጽሐፉ ከባለቤቱ ገዳም ወይም ደብር አለመነጠቁ ነው። መጽሐፉ ይቀረጻል፤ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከፊልሙ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ይላካል። ከመቅደላ ጀምሮ የአገሪቱ መጻሕፍት በዘረፋና በግዢ ወደ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት እንደተበተኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ አንቀጽ የሚሰጠው ትርጉም ቀላል አይደለም።

ኮሌጅቪል የበነዲክቶስ ሥርዓት ተከታይ መነኮሳት ገዳምና ዩኒቨርሲቲ የሚገኙባት፣ ክረምቷ በረዶ የማይለያት ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአውሮፓ ገዳማትን መጻሕፍት በጦርነት ከሚደርስ ጥፋት አስቀድሞ በፊልም ለማስቀረት ነበር። ከአዲስ አበባ ፊልሙ መድረስ ሲጀምር መዝገቡን ማዘጋጀት የጀመሩት ዊልያም ማኮምበር የተባሉ ምሁር ሲሆኑ፣ እስከ ቁጥር 1100 ያሉትን መጻሕፍት የያዙትን ሦስት ቅጾች አወጡ። ዶክተር ጌታቸው የተቀጠሩት ይህን ሥራ እንዲቀጥሉ ነው። አራተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1979፣ አሥረኛው በ1993 የታተመ ሲሆን፣ በእነዚህ ሰባት ቅጾች ከቁጥር 1101 እስከ 5000 ያሉ 3 ሺህ 900 መጻሕፍት ተመዝግበዋል። በአንዳንዱ ቅጽ ማኮምበር አብረዋቸው ሠርተዋል፤ የሥራው ዋና ክብደት ግን የወደቀው በእሳቸው ላይ ነው።

የአንድ መጽሐፍ ምዝገባ ምን እንደሚጠይቅ ጥቂት መግለጽ ተገቢ ይሆናል። መዝጋቢው በመጀመሪያ መጽሐፉ የሚገኝበትን ደብር ወይም ገዳም፣ ቁመቱንና ስፋቱን፣ የቅጠሉን ብዛት፣ ጽሑፉ በስንት ዓምድ እንደተጻፈ ያሰፍራል። ዘመኑ ካልተጻፈበት ከፊደሉ ቅርጽ፣ በጸሎቱ ከተጠቀሰው ንጉሥና ጳጳስ ስም ተነሥቶ ክፍለ ዘመኑን ይገምታል። ከዚያ ውስጡን ያነባል። በአንድ ጥራዝ ውስጥ አሥርና ሃያ ድርሰት ተሰፍቶ ሊገኝ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን መነሻ ቃል ጽፎ በሌላ ቦታ ከታወቀው ቅጂ ጋር ያነጻጽራል። በመጨረሻም በባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈውን ይለቅማል። ብዙ ጊዜ ለታሪክ የሚበጀው ይኸው የኅዳግ ጽሑፍ ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ወንጌል የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የንዋየ ቅድሳት ቆጠራ፣ የዕርቅ ውል ሲጻፍበት የኖረ፣ በዛሬው አነጋገር የሰነዶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤትን ተግባር የሚያከናውን መጽሐፍ ነበርና።

በመዝገቡ የተሰጠው ቁጥር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የመጽሐፉ መጠሪያ ሆኗል። ለምሳሌ ቁጥር 1832 ከወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተቀረጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ነው። ቁጥር 1763 ደግሞ ከዚያው ገዳም የተቀረጸ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የድርሳናት ስብስብ ሲሆን፣ በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ ጥንታዊ ድርሳናትን የያዘ በመሆኑ በተመራማሪዎች ዘንድ እጅግ ይጠቀሳል። ሁለቱም በገዳሙ ለዘመናት የኖሩ ናቸው፤ በተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የታወቁትና በንጽጽር ጥናት የገቡት ግን ከተቀረጹና ከተመዘገቡ በኋላ ነው።

የማይክሮፊልም ሥራ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በቀይ ቀለም የተጻፈው ከጥቁሩ፣ የሐረጉና የሥዕሉም ቀለም እርስ በርስ አይለይም። የብራናው ውፍረት፣ የጥራዙ አሰፋፍ፣ የገበታው ዕድሜ በፊልም አይታይም። መዝገቡ የታተመውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ገዳም አገልጋይ የገዛ መጽሐፉን መግለጫ ማንበብ አይችልም። ለብዙ ዓመታት የተደከመበት ሥራ በአገር ውስጥ ከጠባብ የተመራማሪ ክበብ ውጭ ሳይታወቅ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሥራው ዝና በውጭ አገር ቀድሞ ተሰማ። ፕሮፌሰር ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1987 የብሪታንያ አካዳሚ የውጭ አገር አባል ሆነው ተመርጠዋል፤ በ1988 ደግሞ የማክአርተር ፋውንዴሽን ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህ ሽልማት ተሸላሚው በፈለገው መንገድ እንዲጠቀምበት ያለ ምንም ግዴታ የሚሰጥ ነው። በኋላም የብሪታንያ አካዳሚ የኤድዋርድ ኡለንዶርፍ ሜዳልያን አበርክቶላቸዋል።

ከመዝገቡ ጎን ለጎን ከፊልሙ ያገኟቸውን ጽሑፎች በግእዝና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳትመዋል። ከእነዚህም መካከል የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ድርሰት የሆነው ጦማረ ትስብእት እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ይገኝበታል። ከ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ግን ፊታቸውን ወደ አማርኛ አንባቢ መለሱ። በሕይወት ዘመን ሥራቸው ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1993 ዓ.ም. የወጣው «ባሕረ ሐሳብ» የበዓላትንና የአጽዋማትን አወጣጥ ከማስላት አልፎ ሰፊ የታሪክ ማስታወሻ ይዟል። በ1995 ዓ.ም. በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩትን የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ከሌሎች ሰነዶች ጋር አቅርበዋል።

በ1996 ዓ.ም. የታተመው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ከሁሉ ይልቅ መነጋገሪያ ሆነ። መጽሐፉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአባ እስጢፋኖስ የተመሠረተውን፣ ለንጉሥ መስገድን እንቢ በማለቱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ ስደት የደረሰበትን የመነኮሳት ማኅበር ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ የመለሰ ነው። የማኅበሩ መጻሕፍት በትግራይ ጉንዳ ጉንዶ ገዳምና በሌሎችም ቦታዎች ተጠብቀው ቆይተዋል። አሳዳጁን ንጉሥ በሊቅነቱ የሚያከብር ተመራማሪ የተሳዳጆቹንም ቃል በእኩል ጥንቃቄ ማቅረቡ ሊታይ የሚገባው ነው። ሕግ ይከበርልን ብለው ከመንግሥት ጋር የተጋጩ ሰዎች ታሪክ፣ በራሳቸው ቤት ደጃፍ ወታደር ላጋጠማቸው አዘጋጅ ሩቅ ታሪክ ብቻ እንዳልነበረም መገመት ይቻላል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በፖለቲካና በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሐሳባቸውን ሳይሸፍኑ ይጽፉ ስለነበር የሚቃወሟቸውም አልጠፉም። አጻጻፋቸው ቀጥተኛ፣ አንዳንዴም ቀልድ የተቀላቀለበት ነው። በ2006 ዓ.ም. ባወጡት «አንዳፍታ ላውጋችሁ» በተሰኘው የሕይወት ታሪካቸው ከሸንኮራ እስከ ሚኒሶታ ያለውን ጉዟቸውን በዚሁ ቋንቋ ተርከዋል።

የተጀመረው መዝገብ ገና አልተጠናቀቀም። በፕሮጀክቱ ዘጠኝ ሺህ ገደማ መጻሕፍት የተቀረጹ ሲሆን፣ የታተሙት አሥር ቅጾች የሚደርሱት እስከ ቁጥር 5000 ብቻ ነው። ከጣና ቂርቆስ የተቀረጸውና ከጥንታዊዎቹ የግእዝ ድርሳናት ስብስቦች አንዱ የሆነው ቁጥር 8509 በታተሙት ቅጾች ውስጥ የለም። በአገር ውስጥ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ምዝገባ የደነገገ ሲሆን፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ ሰነዶችን የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነትን ለተቋሙ ሰጥቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከጊዜ በኋላ በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከፍቶ የግእዝ ተመራማሪዎችን በማሠልጠን ላይ ይገኛል። በኮሌጅቪል የሚገኘው ፊልም ወደ ዲጂታል ተለውጦ በኢንተርኔት እየቀረበ በመሆኑ፣ ተማሪው የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል ከስድስት ኪሎ ሳይወጣ በቁጥሩ ፈልጎ ቅጠል በቅጠል ማንበብ ይችላል። ከቁጥር 5000 በላይ ያለውን ሲፈልግ ግን የሚመራው የታተመ ቅጽ አያገኝም።